ሕፃናትን ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ስሜትና ራስን ስለ መጠበቅ ማስተማር

ሕፃናትን ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ስሜትና ራስን ስለ መጠበቅ ማስተማር ከ3 እስከ 8 ዓመት ገደማ ለሆኑ ልጆች በቤት፣ በመዋዕለ ሕፃናትና በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች የሚሰጥ ትምህርት ነው። ልጁ የቤተሰቡን አባላት እንዲያውቅ፣ የሚሰማውን በቃል እንዲገልጽ፣ ሰውነቱ የራሱ መሆኑን እንዲረዳ፣ አደጋ ወይም ጥቃት ሲገጥመው ደግሞ ለሚያምነው ሰው እንዲናገር ያዘጋጃል። ሦስቱ ርዕሶች የተለያዩ ቢመስሉም አንዱ በሌላው ላይ የቆመ ነው። ዘመዱን ከጎረቤቱ ለይቶ የማያውቅ ልጅ ለማን እንደሚናገር ይቸግረዋል፤ ስሜቱን መጥራት ያልለመደ ልጅም የደረሰበትን ለመናገር ቃል ያጥረዋል።

በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት አይደለም። በመዋዕለ ሕፃናት ጨዋታዎች፣ በአካባቢ ሳይንስና በግብረ ገብ ትምህርት ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል። ከዚያ በላይ ያለው ለመምህሩና ለወላጁ የተተወ ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ የአዲስ አበባን ሁኔታ የሚመለከት ሲሆን፣ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ አኗኗር የተወሰዱ ናቸው።

ስለ ቤተሰብ

በውጭ አገር የሕፃናት መጻሕፍት የቤተሰብ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቤተሰብ ስም ነው። ይህ አጀማመር ለኢትዮጵያዊ ልጅ አይሠራም። ኢትዮጵያዊ ልጅ የሚጠራው በራሱ ስም፣ ቀጥሎም በአባቱና በአያቱ ስም ነው። እናት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ስለዚህ በአንድ ቤት የሚኖሩ እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያዩ የአባት ስሞች ይኖሯቸዋል። ይህ ለውጭ ሰው ግር ቢልም ለማስተማር ግን የሚመች ነው፤ አንድ ልጅ ሙሉ ስሙን ሲናገር የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ ቆጠረ ማለት ነው። በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የተለመደ ሲሆን ዋናው ጥቅሙ የሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው።

የዝምድና ቃላት ግን ለልጅ ቀላል አይደሉም። አማርኛ «የአክስት ልጅ» እና «የአጎት ልጅ» ይላል እንጂ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቃል የለውም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የዝምድና ቃላት ከዝምድና ውጭም የሚያገለግሉ መሆናቸው ነው። ልጁ ታላቅ ወንድሙን «ጋሼ» ይላል፣ ባለሱቁንም «ጋሼ» ይላል። የእናቱ ታላቅ እህት «እትዬ» ናት፣ የጎረቤት ሴትም «እትዬ» ናት። አሁን አሁን የአዲስ አበባ ልጆች የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ጎልማሳ «አንክል» ሲሉ ይሰማል። አጠራሩ የአክብሮት ነው፣ መጥፎም አይደለም። ሆኖም አንድ የ5 ዓመት ልጅ በአጠራር ብቻ ማን ዘመዱ፣ ማን ደግሞ የሰፈር ሰው እንደሆነ ሊለይ ስለማይችል መምህሩ ልዩነቱን በግልጽ ማስረዳት ይኖርበታል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር የቤተሰብ ዓይነት ነው። በአንድ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍል ውስጥ ከሁለት ወላጆቹ ጋር የሚኖር ልጅ፣ እናቱ አረብ አገር ሠርታ ገንዘብ የምትልክለትና አያቱ የምታሳድገው ልጅ፣ ከእንጀራ አባቱ ጋር የሚኖር ልጅ፣ በማደጎ ወይም በጉዲፈቻ የገባ ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ሊቀመጡ ይችላሉ። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ባህል የመጣ፣ ልጁን እንደ ወለዱት የማሳደግ ሥርዓት ነው። የውጭ አገር ዜጎች የኢትዮጵያ ሕፃናትን በጉዲፈቻ መውሰዳቸው በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ከተከለከለ ወዲህ ትኩረቱ በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ በአደራ ቤተሰብና በዘመድ ላይ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ክፍል «አባታችሁን ሳሉ» የሚለው የተለመደ የሥዕል ሥራ አንዳንዱን ልጅ ያሸማቅቃል። «ከእናንተ ጋር ማን ይኖራል? ማታ ማን ያስተኛችኋል? ስትታመሙ ማን ያስታምማችኋል?» የሚሉት ጥያቄዎች ለሁሉም ይመቻሉ። የእንጀራ እናት ሁልጊዜ ክፉ ሆና የምትቀርብባቸው ተረቶችም የእንጀራ እናት ባለው ልጅ ጆሮ ምን እንደሚመስሉ ተረቱን ከመጀመር በፊት ማሰብ ይገባል።

ስሜትን በስሙ መጥራት

አማርኛ ስለ ስሜት ሲናገር ብዙውን ጊዜ ስሜቱን አድራጊ፣ ሰውየውን ደግሞ ተቀባይ ያደርጋል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደስ አለኝ። ለመምህር ይህ ጥሩ መሰላል ነው፤ ልጁ «ራበኝ» ማለትን ቀድሞ ስለሚያውቅ «ከፋኝ» እና «ጨነቀኝ» በዚያው ቅርጽ ይከተላሉ። ረሃብ መጥቶ እንደሚሄድ ሁሉ ክፋትም መጥቶ እንደሚሄድ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ስሜቶቹ የሚቀመጡት ደግሞ በሰውነት ክፍል ነው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ልብ ይሰበራል፣ አንጀት ይላወሳል። ትንንሽ ልጆችም ፍርሃታቸውንና ጭንቀታቸውን «ሆዴን አመመኝ» ብለው መናገራቸው በሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ በሚገባ የታወቀ ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት መሄጃ ሰዓት ላይ ብቻ፣ ወይም አንድ ሰው ወደ ቤት በመጣ ቁጥር ሆዱን የሚያመው ልጅ የሆድ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ጥያቄም ያስፈልገዋል።

ትምህርቱ በዚህ ዕድሜ በቃል ገለጻ አይሰጥም። በወረቀት ላይ የተሳሉ የደስታ፣ የቁጣ፣ የፍርሃትና የኀዘን ፊቶች፣ ከጭቃ ወይም ከሊጥ የሚሠሩ ፊቶች፣ የካልሲ አሻንጉሊቶች፣ ተረትና እንቆቅልሽ ይበቃሉ። መምህሯ ተረቱን መሐል ላይ አቁማ «አሁን ጥንቸሏን ምን ተሰማት?» ብትል ልጆቹ ስለ ራሳቸው የማይናገሩትን ስለ ጥንቸሏ ይናገራሉ።

እንቅፋት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ልጁ ሳይሆን ዙሪያው ያለው አነጋገር ነው። ወንዱ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይባላል። ሴቷ አንገት ደፊ ስትሆን ትመሰገናለች። በዚህ መሐል ወንዱ ቁጣን፣ ሴቷ ዝምታን ይማራሉ። ለቅሶ ቤት ሄደው ጎልማሳ ወንዶች በግልጽ ሲያለቅሱ የሚያዩ ልጆች ግን «አያለቅስም» የሚባለው እውነት አለመሆኑን ቀድመው ያውቁታል።

ሰውነትና «እምቢ»

ልጆች በመዝሙር ጭንቅላታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ጉልበታቸውንና እግራቸውን እየነኩ የሰውነት ክፍሎችን ይማራሉ። በመዝሙሩ የግል አካሉ ይዘለላል። የተዘለለው ክፍል በቤትም «እንትን» ወይም «ነውር» ይባላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ልጅ የግል አካሉ ነውር እንደሆነ ብቻ ከተማረ፣ ሌላ ሰው ሲነካው ነውሩን የሠራው እሱ ራሱ ይመስለዋል። በመስኩ የሚሠሩ ባለሙያዎች ለግል አካላት ትክክለኛ ስማቸውን ወይም ቢያንስ ቤተሰቡ የተስማማበትን አንድ የታወቀ ስም መጠቀምን ይመክራሉ። ልጁ ጥቃት ቢደርስበት ለሐኪምም ለፖሊስም ሊያስረዳ የሚችለው ስም ካለው ነውና።

ንክኪን ለልጆች የማስተማር ዘዴ በስፋት የታወቀው በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ነው። ኮርዴሊያ አንደርሰን የተባለች ባለሙያ በ1977 እ.ኤ.አ. ንክኪዎችን ከጥሩ እስከ መጥፎ በአንድ መስመር ላይ የሚያስቀምጥ ማስተማሪያ አዘጋጀች፤ ይኸው በቲያትር መልክ ለልጆች ቀረበ። የአውሮፓ ምክር ቤት ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዘመቻ «የውስጥ ልብስ ደንብ» የተባለውን አሰራጨ፤ የውስጥ ልብስ የሚሸፍነውን አካል ሌላ ሰው መንካት እንደሌለበት፣ ልጁም የሌላውን መንካት እንደሌለበት የሚያስተምር ቀላል ደንብ ነው። ለ4 ዓመት ልጅ እንኳን የሚገባ ስለሆነ በብዙ አገሮች ተወስዷል።

«ጥሩ ንክኪ» እና «መጥፎ ንክኪ» የሚለው አከፋፈል ራሱ ትችት ቀርቦበታል። መርፌ ያማል፣ ግን መጥፎ አይደለም። በተቃራኒው ጥፋተኛው ልጁን እያጫወተና እየኮረኮረ ሊጀምር ይችላል፤ ያን ጊዜ ንክኪው ስለማያም ልጁ «መጥፎ» ብሎ አይመድበውም። ስለዚህ ልጁን ስለ ሕመሙ ከመጠየቅ ይልቅ ሦስት ነገሮችን ማስለየት ይሻላል፤ የተነካው የግል አካሉ ነው ወይ፣ የነካው ሰው ለማጠብ ወይም ለማከም ነው ወይ፣ «ለማንም አትናገር» ተብሏል ወይ።

በልምምድ ወቅት የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፦ እምቢ በሉ፣ ሂዱ፣ ተናገሩ። አማርኛ ወንድና ሴትን በግስ ስለሚለይ መምህሩ «እምቢ በል» ብቻ ካለ ሴቶቹ ለእነሱ ያልተባለ ሊመስላቸው ይችላል፤ በብዙ ቁጥር መናገሩ ይሻላል። የመጀመሪያው ቃል ግን በኢትዮጵያ ቤት ከባድ ቃል ነው። ጨዋ ልጅ ለታላቅ «እምቢ» አይልም። እንግዳ ሲመጣ ልጁ «ሂድ ሳማቸው» ይባላል፤ ሲሸሽ ይሳቅበታል ወይም ይቆጡታል፤ ከሳመ በኋላ «እደግ» ተብሎ ይመረቃል። ጉርሻም እንዲሁ ነው፤ አልፈልግም ማለት ነውር ነው። ልጁ ከ2 ዓመቱ ጀምሮ ሰውነቱ በታላላቆች ፈቃድ እንደሚታዘዝ እየተማረ ቆይቶ በ6 ዓመቱ «ሰውነትህ የራስህ ነው» ቢባል ቃሉ ባዶ ይሆንበታል።

ባህሉን መጣል ግን አያስፈልግም፤ በባህሉ ውስጥ ራሱ መውጫ አለ። ልጁ መሳም ካልፈለገ ጎንበስ ብሎ እጅ ሊነሳ ወይም ሊጨብጥ ይችላል፣ አክብሮቱም ምርቃቱም አይጎድልም። እናትየዋ «ዛሬ መጨበጥ ነው የፈለገው» ብትል እንግዳው አይቀየምም። ልጁ ደግሞ እምቢታው መሰማቱን አንድ ጊዜ በዓይኑ አየ ማለት ነው።

ገበናና ምስጢር

በአማርኛ ዝምታን የሚያወድስ ብዙ አነጋገር አለ። «ሆድ ይፍጀው» ይባላል፤ ነገሩን በውስጥ ይዞ መቅረት እንደ ትዕግሥትና እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። የቤት ገበና ወደ ውጭ አይወጣም። እነዚህ አባባሎች በትዳርና በጉርብትና ጠብ ሲነሳ ብዙ ጥቅም ይኖራቸው ይሆናል፣ በሕፃን ላይ ጥቃት ሲደርስ ግን የሚጠቅሙት ጥፋተኛውን ነው።

በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንደሚያሳዩት በሕፃናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት የሚያደርሱት በአብዛኛው ልጁ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስጠኚ፣ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሹፌር፣ አከራይ። በባሕር ዳር በአንዲት የ7 ዓመት ሕፃን ላይ የተፈጸመው የመድፈርና የግድያ ወንጀል በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ቁጣ ሲቀሰቅስ፣ 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው የቤተሰቡ አከራይ ነበር። ከዚህ አንጻር «ከረሜላ ከሚሰጥህ የማታውቀው ሰው ተጠንቀቅ» የሚለው የተለመደ ምክር ስህተት ባይሆንም የጉዳዩን ጥቂቱን ብቻ የሚነካ ነው። አደጋው በአጥር ውጭ ብቻ እንዳለ የተማረ ልጅ በአጥር ውስጥ ሲገጥመው ስም አይኖረውም።

ስለዚህ ትምህርቱ ሁለት ዓይነት ምስጢር ይለያል። አንደኛው በቅርቡ የሚገለጥና ሁሉን የሚያስደስት ነው፤ ለእናት የተገዛ የልደት ስጦታ። ሁለተኛው መቼም እንዳይገለጥ የተባለ፣ ልጁን የሚያስጨንቅና በማስፈራሪያ ወይም በጉቦ የታሰረ ነው። የመጀመሪያውን መጠበቅ ይቻላል፤ ሁለተኛውን ማንም ቢያስምለው መጠበቅ የለበትም። ከዚህ ጋር የሚሰጠው የእጅ ጨዋታ ነው፤ ልጁ እጁን ወረቀት ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ይከብበዋል፣ በአምስቱ ጣቶች ላይ የሚያምናቸውን አምስት ሰዎች ይሥላል። አምስቱም ከአንድ ቤት ባይሆኑ ይመረጣል፤ ቢያንስ አንዱ መምህር ወይም ከቤቱ ውጭ የሚኖር ዘመድ ሊሆን ይገባል። የመጀመሪያው ሰው ካላመነው ወደ ሁለተኛው እንዲሄድ መንገርም አይዘነጋም።

መንገድ፣ መጥፋትና በዓል

ራስን መጠበቅ ጥቃትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ሳሪስን፣ ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ለቡን፣ ጀሞንና ሐና ማርያምን የሚያካትት ሰፊ ክፍለ ከተማ ሲሆን የቀለበት መንገዱ ያቋርጠዋል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው የቀላል ባቡር መስመርም በሳሪስ በኩል ያልፋል። በየአካባቢው የሚቆፈሩ የግንባታ ጉድጓዶች ክረምት ላይ ውኃ ይሞላሉ። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። እነዚህ ሁሉ ለሕፃን በግልጽ መነገር ያለባቸው ናቸው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ትራፊኮችን በማሰለፍ ትንንሾቹን መንገድ ያሻግራሉ።

መጥፋት በተለይ በጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር የተለየ ችግር አለው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ወዲህ ጀሞን የመሰሉ መንደሮች ብዙ ሺህ ቤተሰቦችን አስፍረዋል። በድሮው ሰፈር የጠፋ ልጅ «የእገሌ ልጅ» ተብሎ በደቂቃዎች ውስጥ ቤቱ ይደርስ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በኮንዶሚኒየም ግን ሕንፃው ሁሉ አንድ መልክ ነው፣ ጎረቤትም ገና አልተዋወቀም። አዲስ አበቤ አድራሻውን የሚናገረው «ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ» እያለ በምልክት ስለሆነ፣ ለጀሞ ልጅ የብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥርና አንድ የወላጅ ስልክ በዜማ ማስጠናት የግድ ነው። የወላጆችን ሙሉ ስም ማወቅም እንዲሁ፤ «እማዬ» ብቻ ብሎ ለፖሊስ የሚያለቅስ ልጅ ብዙ ነው።

በቡሄ ወንዶች ሆያ ሆዬ፣ በእንቁጣጣሽ ሴቶች አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ለልጆች ራስን ስለ መጠበቅ ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምቹ ጊዜ በዓመቱ ውስጥ የለም። ቡድኑ አይበተንም፣ ከመካከላቸው አንድ ከፍ ያለ ልጅ ይኖራል፣ የሚዜመው በደጅ ነው እንጂ «ግቡ» ቢባልም ብቻ አይገባም፣ ሳይመሽ ይመለሳሉ። ደስታውን ሳይቀንስ ደንቡ በጨዋታው ውስጥ ይገባል።

በቴሌቪዥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን የልጆች ፕሮግራሙ ከአባባ ተስፋዬ ሳህሉ ስም ጋር ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ተያይዞ ቆይቷል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ልጆችን በቀጥታ እያናገሩ ተረት የሚነግሩ የአገር አያት ነበሩ። በተረቶቹ የሚወደሱት በአብዛኛው ታዛዥነት፣ ቸርነትና ትምህርት ወዳድነት ናቸው፤ የጊዜው የልጅ አስተዳደግ መልክም ይኸው ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት ሌላ ዓይነት ልጅ ይዞ መጣ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ፀሐይ የተባለች ቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ፀሐይ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ ትፈራለች፣ ይከፋታል፤ ትምህርቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ብሩክታዊት ለዚህ ሥራዋ በ2010 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት አግኝታለች። ዝግጅቱ ከፊደልና ቁጥር ባሻገር ጤናን፣ ንጽሕናንና ማኅበራዊ ሕይወትን ያስተምራል፤ በኋላም በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሠርቷል። የድርጅቱ «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘ የካርቱን ሥራ ደግሞ ከፍ ላሉ ልጃገረዶች ሲሆን ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ጥቃትን በግልጽ ያነሳል።

ሕጉ

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት፣ ጉልበቱን ከሚበዘብዙ ልማዶች የመጠበቅ፣ በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቤት ግን በዚህ ዝርዝር የለም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ሕፃንን ማንገላታት የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ ለተገቢ ዓላማ የሚደረግ የወላጅ ቅጣትን አይከለክልም። በዚህ ምክንያት ልጁ በትምህርት ቤት «ማንም ሊመታህ አይገባም» ይባላል፣ ቤት ሲደርስ ደግሞ አለንጋ ሊጠብቀው ይችላል። መምህራን ይህን ቅራኔ በየቀኑ ይጋፈጡታል።

በወሲባዊ ጥቃት ላይ ሕጉ ጠንካራ ነው። ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት በአንቀጽ 627 መሠረት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉት ላይ ሲሆን በአንቀጽ 626 መሠረት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ጉዳዩ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ስላልሆነ ሽማግሌ ገብቶ ቤተሰቦቹ ቢታረቁም ክሱ አይቀርም። በተግባር ግን ቤተሰብ በገንዘብ ወይም በይሉኝታ ተሸንፎ ምስክር የሚያሸሽበት አጋጣሚ አለ።

ልጁ ሲናገር

የትምህርቱ ትልቁ ፈተና ልጁ ተምሮ የተናገረ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ተፈታኙ ትልቁ ሰው ይሆናል። የመጀመሪያው ምላሽ መጮህ፣ «ለምን ሄድክ?» ብሎ መቆጣት ወይም «አይሆንም፣ እሱ እንዲህ አያደርግም» ማለት ከሆነ ልጁ ዳግመኛ አይናገርም። ማዳመጥ፣ «መናገርህ ጥሩ ነው፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለት፣ ዝርዝሩን ደጋግሞ አለመመርመር ይገባል። ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱም ሳይታጠብ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ «እስቲ ነገ እናስብበት» የሚባልበት ጊዜ የለም።

በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልና በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ድጋፉ፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራው በአንድ ቦታ የሚሰጥ በመሆኑ ልጁ ታሪኩን በየቢሮው እየዞረ እንዳይደግም ይረዳል። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ምቹ በሆኑ ችሎቶች ደግሞ ልጁ በተለየ ክፍል ሆኖ በባለሙያ አማካይነት ይጠየቃል፤ ቃሉ በካሜራ ለችሎቱ ስለሚተላለፍ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም።

ትምህርቱ ይሠራል?

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የኮክሬን ግምገማ በትምህርት ቤት የሚሰጡ ከወሲባዊ ጥቃት የመከላከል ትምህርቶችን የፈተሹ 24 ጥናቶችን መርምሯል፤ በጥናቶቹ 5,802 ልጆች ተካተዋል። የተማሩት ልጆች እውቀታቸውና ራሳቸውን የመጠበቅ ችሎታቸው ጨምሯል፣ ከትምህርቱ የተነሳም ፍርሃት አልበዛባቸውም። ትምህርቱ ጥቃቱን ራሱን መቀነሱን ግን ጥናቶቹ አላሳዩም። አብዛኞቹ ጥናቶች የተካሄዱት በአሜሪካ ሲሆን ከአፍሪካ የተካተተ አልነበረም።

ይህ ውጤት ሁለት ወገኖችን ያከራክራል። አንዳንድ ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች ስለ ግል አካል ማስተማር የልጁን ዓይን ያለ ጊዜው ይከፍታል ብለው ይሰጋሉ፤ ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ያወጣው ከ5 ዓመት የሚጀምር መመሪያም ይህን ስጋት አባብሶታል፤ ምንም እንኳን መመሪያው ለ5 ዓመት ልጆች ከሚያነሳቸው ርዕሶች የመጀመሪያው ስለ ቤተሰብ ቢሆንም። በሌላ በኩል ከባለሙያዎቹ መካከል ኃላፊነቱን ሁሉ በልጁ ትከሻ ላይ መጣል አይገባም የሚሉ አሉ። የ5 ዓመት ልጅ ጎልማሳን «እምቢ» ብሎ ሊያስቆም አይችልም። መምህሩን፣ የሰርቪስ ሹፌሩንና አስጠኚውን አጣርቶ መቅጠር፣ የመጸዳጃ ቤት በር እንዲቆለፍ ማድረግ የትልልቆች ሥራ ነው። የሁለተኛው ወገን ክርክር ይበልጥ የሚያሳምን ነው፤ ልጁን ማስተማርን የሚቃወም ሳይሆን ብቻውን እንደማይበቃ የሚናገር በመሆኑ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከተማዋን ልጆችን ለማሳደግ በአፍሪካ ተመራጭ ለማድረግ በጀመረው የቀዳማይ ልጅነት ልማት ፕሮግራም ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያማክሩ ባለሙያዎችን ማሰማራቱ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ይገጥማል።

ትምህርቱ የማይደርሳቸው ልጆች

መስማት የተሳናቸው ልጆች ይህን ትምህርት የሚያገኙት በምልክት ቋንቋ ከሆነ ብቻ ነው። መካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ካላቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች አንዱ ነው። ብዙ ወላጆች የምልክት ቋንቋ ስለማያውቁ ልጁ ትምህርት ቤት የተማረውን ምልክት ቤት ሲደርስ የሚረዳለት የለም፤ የእጁ አምስት ጣቶች በሙሉ በትምህርት ቤት ያሉ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌሎቹ የማይታዩት በቤቱ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው። በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የቤቱን ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሰውና የምትመልሰው የቤት ሠራተኛ ከክፍለ አገር የመጣች የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኞች ግን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ናቸው። ቀን ትሠራለች፣ ከተፈቀደላት ማታ ትማራለች፣ የማታ ትምህርት ደግሞ ስለ ንክኪና ስለ ምስጢር አያስተምርም። ለአደጋ ከቤቱ ልጅ ይልቅ የተጋለጠችው እሷ ናት፤ ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው፣ ስልክ ላይኖራት ይችላል፣ የምትተኛበት ክፍል በር ቁልፍ ላይኖረው ይችላል። አንዳንድ እናቶች ልጃቸው ከትምህርት ቤት ያመጣውን የእጅ ሥዕል ሲሠሩ እሷንም አብረው ያስቀምጧታል። በሥዕሉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከአምስቱ ጣቶች በአንዱ የምትገኘው የቤቱ ልጅ የሚያምናት ሰው ሆና ነው።